የሌንስ የፈረስ ስም

አጎቴ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከኪየቭ ሲመለሱ ካመጡት ዕቃ ዛሬም ድረስ እጃቸው ላይ ያለው አንድ ዜኒት-ኢ ካሜራ ነው። ሳሞቫሩ ተሸጧል፤ ካፖርቱን ብል በልቶታል። ካሜራው ግን ቡናማ የቆዳ ማኅደሩን እንደለበሰ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከመዝሙረ ዳዊቱ አጠገብ ተቀምጧል። የማኅደሩ ጠርዝ ተልጧል፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ጠፍር ከተበጠሰ ቆይቶ በሲባጎ ተተክቷል። ክዳኑ ሲገለበጥ ብቅ የሚለው ሌንስ ከባድ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጠጋ ብለው ሲያሸቱት የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። በፊተኛው መስታወት ዙሪያ ቀጭን ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ላይ በነጭ የተቀረጹ የሩስያ ፊደላት።

“ጋሼ፣ ምን ይላል?”

“ጌሊዮስ ነው የሚለው። ጌሊዮስ አርባ አራት ሁለት።”

ጌሊዮስ ያኔ ስንክሳር ላይ የሚነበብ የአንድ ሰማዕት ስም ይመስለኝ ነበር። የግሪኮቹ ፀሐይ፣ ሄሊዮስ፣ መሆኑን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ሩስያኛ የግሪኩን “ሄ” በ“ጌ” ስለሚተካ ፀሐይዋ ሞስኮ ስትደርስ ስሟ ተለወጠ።

ካሜራ ይዞ የከረመ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ የካሜራው ሞዴል ይረሳል፣ የፊልሙ ዓይነት ይረሳል፣ የሌንሱ ስም ግን አፍ ውስጥ ይቀራል። ቴሳር፣ ፕላናር፣ ሶናር፣ ሄሊያር፣ ኤልማር፣ ሱሚክሮን፣ ሮኮር፣ ታኩማር፣ ዙይኮ። ትርጉሙን የማያውቅ እንኳ ሲጠራቸው ደስ ይለዋል። እነዚህን ስሞች ማን አወጣቸው? ከየት አመጣቸው? ስሙስ ስለ ሌንሱ የሚነግረን ቁም ነገር አለው ወይስ እንደ ከረሜላ ወረቀት ማብለጭለጭ ብቻ ነው ሥራው? መልሱን ፍለጋ መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ሌንስ የራሱ ስም አልነበረውም፤ የሚጠራው በባለሙያው ስም ነበር። በ1840 ቪየና ውስጥ የሒሳብ ፕሮፌሰሩ ዮሴፍ ፔትስቫል በስሌት ያገኘውን የሰው መልክ ማንሻ ሌንስ ፎክትለንደር የተባለው መነጽር ሠሪ ቤት አወጣው። እስከዚያ ድረስ ፎቶ የሚነሳ ሰው ፀሐይ ላይ ለደቂቃዎች እንደ ሐውልት መገተር ነበረበት። አዲሱ ሌንስ ብዙ እጥፍ ብርሃን ስለሚያስገባ ያን ስቃይ በጣም አሳጠረው። ፔትስቫልና ፎክትለንደር ብዙም ሳይቆዩ በጥቅም ተጣሉ፤ ሌንሱ ግን እስከ ዛሬ “ፔትስቫል” ነው።

በ1866 አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። ለንደን ላይ ዳልማየር፣ ሙኒክ ላይ ሽታይንሃይል የተባሉ ሌንስ ሠሪዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ አንድ ዓይነት ሊባል የሚችል ሌንስ ይዘው ብቅ አሉ። የለንደኑ “ራፒድ ሬክቲሊኒየር” አለው፤ ፈጣን ነው፣ ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አድርጎ ያወጣል ለማለት። ስም ሳይሆን ሱቅ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የሙኒኩ ወደ ግሪክኛ ሄደና “አፕላናት” አለው፤ ብርሃኑ የማይባዝን፣ የማይቅበዘበዝ እንደማለት። የጀርመን ሌንስ ሠሪዎች ልማድ ይህ ነበር። የእኛ ሊቃውንት አዲስ ቃል ሲቸግራቸው ወደ ግእዝ ሄደው “ሥነ ፈለክ”፣ “ሥነ ሕይወት” ብለው እንደሚመለሱ፣ እነሱም ወደ ግሪክና ወደ ላቲን ይሄዱ ነበር። አንድን ዕቃ በማይነገር ቋንቋ መሰየም ክብር ይሰጠዋል፤ ገበያ ውስጥ ያለውን ነገር መቅደስ የገባ ያስመስለዋል። ከእነዚህ ስሞች ውበት ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ መነሻው የና የተባለች የጀርመን ከተማ ናት። እዚያ የካርል ዛይስ ፋብሪካ ነበረ፤ ኤርንስት አቤ የሚባል የፊዚክስ ሊቅና ኦቶ ሾት የሚባል መስታወት አቅላጭ ነበሩ። በ1884 ያቋቋሙት የመስታወት ማቅለጫ ከዚያ በፊት ያልነበሩ የመስታወት ዓይነቶችን ማውጣት ጀመረ። በ1890 የዛይሱ ፓውል ሩዶልፍ በእነዚህ መስታወቶች ተጠቅሞ አንድ የቆየ በሽታ አዳነ። በድሮ ሌንስ በተነሳ ፎቶ ጥግ ላይ ያለች ነጥብ ነጥብ ሆና አትወጣም፤ ተጎትታ ጭረት ትሆናለች። የበሽታው ስም “አስቲግማቲዝም” ስለሆነ ሌንሱ “አናስቲግማት” ተባለ። ስሙ ብዙ አልቆየለትም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም ፋብሪካ ሌንሱን አናስቲግማት ይለው ጀመር፤ ዛሬ ሦስት ክፍል ያለው ፔንሲዮን ሁሉ “ኢንተርናሽናል” እንደሚባለው። ዛይስ በ1900 የራሱን “ፕሮታር” ብሎ ለየው። ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ሌንስ የግል ስም ማውጣት የያዙት በዚሁ ሰሞን ነው፤ ምክንያቱም የወል ስሙ ተዘርፏል።

በ1902 የወጣው ቴሳር የዚህ ዘመን ንጉሥ ነው። ቃሉ የግሪኩ “አራት” ነው፤ በግእዝ ብንሰይመው “አርባዕቱ” ብለን ነበር። ውስጡ አራት መስታወት ነው ያለው፤ ከፊት ሁለት ለየብቻ የቆሙ፣ ከኋላ ሁለት በካናዳ ባልሳም፣ ማለትም በዛፍ ሙጫ፣ አንድ ላይ የተጣበቁ። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጥርት አድርጎ ያያል። ዛይስ በማስታወቂያው “የካሜራዎ የንስር ዓይን” ይለው ነበር። የፓተንቱ ጊዜ ሲያልቅ ሁሉም ቤት ይህንኑ አሠራር ይዞ በየራሱ ስም ይሸጠው ጀመር። ላይትስ በመጠኑ ለወጥ አድርጎ ኤልማር አለው፤ ሽናይደር ዜናር አለው፤ ፎክትለንደር ስኮፓር አለው፤ ሶቪየቶች ኢንዱስታር አሉት። አሜሪካ ውስጥ ኢስትማን ኮዳክ የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት ከፊት ሰክቶ ኤክታር የሚል ስም አወጣና ብዙዎቹን ኤክታሮች በዚሁ አሠራር ሠራቸው። አንድ ወጥ በአምስት ቤት አምስት ስም ወጣለት። ፎቶ አንሺዎች ግን “የኤልማር መልክ” እና “የኢንዱስታር መልክ” እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። ልዩነት የለም አልልም፤ የመስታወቱ ጥራት አለ፣ የሠራተኛው እጅ አለ። ግን ክርክሩ ውስጥ ግማሹን የሚናገረው ስሙ ራሱ ይመስለኛል።

ስም ከሠሪው ተነጥሎ እንዴት የራሱን መንገድ እንደሚሄድ የሚያሳየው ደግሞ የእንግሊዞቹ ኩክ ነው። በ1893 ዴኒስ ቴይለር የሚባል መሐንዲስ በሦስት መስታወት ብቻ ድንቅ ሌንስ ነደፈ። የሚሠራው ዮርክ ከተማ፣ ቴሌስኮፕ በሚሠራው ኩክ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው “የካሜራ ሌንስ ሥራችን አይደለም” ብሎ ንድፉን ሌስተር ላለ ለሌላ ድርጅት ሰጠው። የዚያ ድርጅት ስም ደግሞ ቴይለር፣ ቴይለር እና ሆብሰን ነው፤ ከዴኒስ ቴይለር ጋር ዝምድና የላቸውም! ሌንሱ የተጠራው አልሠራም ባለው ቤት ስም ሆነና ኩክ ተባለ። በኋላ ሆሊውድን ያጥለቀለቁት የሲኒማ ሌንሶች “ኩክ ስፒድ ፓንክሮ” ናቸው። ኩክ የሚለው ስም ዛሬም በሲኒማ ሰዎች ዘንድ እንደ ወርቅ ይታያል፤ እምቢ ያለው ሰው ስሙ ሲዘፈንለት ይኖራል።

ስለ ሃይፐርጎን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በ1900 በጌርትስ ኩባንያ ኤሚል ፎን ሄግ የነደፈው ነው። “ሃይፐር” ከልክ ያለፈ፣ “ጎን” ማዕዘን፤ ስሙ አይዋሽም፣ ከ130 ዲግሪ በላይ ያያል። እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሱ ሁለት የመስታወት ጉልላቶች ፊት ለፊት ተጋጥመው የተሠራ ነው። ችግሩ መሐሉ በብርሃን ሲጥለቀለቅ ጥጉ መጨለሙ ነበር። ለዚህ ምን ብልሃት አገኙ? ከሌንሱ ፊት ትንሽ ኮከብ የምትመስል የብረት ማራገቢያ ተከሉ። ፎቶ አንሺው የላስቲክ ፊኛ ሲጨምቅ ትንፋሹ ማራገቢያዋን ያሽከረክራታል፤ መሐሉን ከብርሃን እየጋረደች ትዞራለች፤ ከዚያ ወደ ጎን ገለል ትደረግና ቀሪው ጊዜ ያለሷ ይጠናቀቃል። ያቺ “ጎን” የምትባል ቅጥያ ከዚያ ወዲህ ሰፊ በሚያዩ ብዙ ሌንሶች ላይ ተቀጥላ ቀረች፤ ቢዮጎን፣ ዲስታጎን፣ ፍሌክቶጎን፣ ሆሎጎን።

ፀሐይ ሌላዋ ተወዳጅ ናት። የፎክትለንደር ሄሊያር ከሄሊዮስ ነው፤ የዛይስ ሶናር ከጀርመንኛው “ዞነ”፣ ከፀሐይ ነው። ሶናር ግን ሰምና ወርቅ አለው። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ዛይስ ሳይሆን ኔተል የሚባል የካሜራ ፋብሪካ ነበር፤ ፋብሪካው የነበረው በኔካር ወንዝ ዳር ዞንትሃይም በምትባል መንደር ነው። መንደሯ ዓርማዋ ላይ ፀሐይ አለች። ኔተል ከሌላ ፋብሪካ ጋር ተዋሕዶ፣ ያም በ1926 ዛይስ ኢኮን ውስጥ ሲገባ ስሙ እንደ ጥሎሽ አብሮ ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሉድቪግ ቤርተለ ብርሃን የሚጎርስ ድንቅ ሌንስ ሲነድፍ ያን ስም አለበሱት። ሰሙ ፀሐይ ነው፤ ወርቁ አንዲት መንደር።

አሁን ወደምወደው ደረስኩ። ቬትስላር ከተማ የሚገኘው የላይትስ ፋብሪካ ማይክሮስኮፕ ሠሪ ነበር። በ1925 ላይካ የተባለውን ካሜራ ለገበያ ሲያቀርብ ሌንሱን የነደፈው የማይክሮስኮፕ ሊቁ ማክስ ቤሬክ ነው። ሌንሱ በመጀመሪያ የወል ስሙን አናስቲግማት ያዘ፤ ወዲያው “ኤልማክስ” ተባለ። ኤል ለኤርንስት ላይትስ፣ ማክስ ለማክስ ቤሬክ። ባለቤቱና ባለሙያው አንድ ቀለበት ላይ ጎን ለጎን ተቀረጹ ማለት ነው። አምስት መስታወት ያለው ኤልማክስ ግን ለመሥራት ውድ ነበርና ብዙም ሳይቆይ አራት መስታወት ባለው ተተካ፤ ስሙም “ኤልማር” ሆነ። በላቲኑ አጻጻፍ አንድ ፊደል ተለወጠችና ማክስ ከቀለበቱ ወረደ።

ቤሬክ አልተቀየመም፤ ወይም በራሱ መንገድ ተበቀለ። በ1930 የወጣውን ሌንስ “ሄክቶር” አለው። ሄክቶር ውሻው ነው። የሁለተኛው ውሻው የሬክስ ስም ደግሞ ሱማሬክስ የተባለው ሌንስ ውስጥ ገብቷል ይባላል። የ135 ሚሊሜትሩ ሄክቶር እስከ 1960 ድረስ ሲመረት ቆየ። የጌታው ስም ጥቂት ጊዜ ብቻ ቆይቶ ጠፋ፤ የውሻው ስም ሠላሳ ዓመት ኖረ።

ይህ ለአውሮፓውያን ጸሐፊዎች ቀልድ ነው፤ ሁሌም እንደ ትንሽ ጨዋታ ጠቅሰውት ያልፋሉ። ለእኛ ግን የምናውቀው ነገር ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ ባልቻ አባ ነፍሶ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ፎካሪው የሚጠራው የአባቱን ስም ሳይሆን አብሮት የዘመተውን እንስሳ ስም ነው። ማክስ ቤሬክም ሄክቶርን ሲሰይም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በእኛ አነጋገር አባ ሄክቶር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የሌንስ ስም ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ የመዝገብ ስም ነው ወይስ የፈረስ ስም? ቴሳር የመዝገብ ስም ነው፣ አራት መስታወት አለኝ ይላል። ሄክቶር የፈረስ ስም ነው፤ ስለ መስታወቱ ምንም አይናገርም፣ ስለ ሰውየው ግን ይናገራል።

ላይትስ ራሱ በኋላ ይህን ወግ ትቶ ስምን ወደ ማዕረግ ለወጠው። የሌንስ አፐርቸር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጨለማ ውስጥም ያያል። 2.8 ከሆነ ኤልማሪት ነው፤ 2 ከሆነ ሱሚክሮን፤ 1.4 ከሆነ ሱሚሉክስ፤ ከዚያ የሚያልፈው ኖክቲሉክስ፣ የሌሊት ብርሃን፣ በ1966 የወጣው። ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ራስ፣ ንጉሥ ነው ነገሩ። ማዕረጉ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሥርዓቱ ንጹሕ ነው፤ ሻጭም ገዢም አይሳሳትም። ለኔ ግን ሹመት በደብዳቤ እንደመቀበል ነው፤ ውሻው የለበትም።

ጃፓኖች ዘንድ ግን ወንድምም ተራራም አሉ። ኒኮርን ብቻ በመዝገብ ስም እንጀምር። ዛሬ ኒኮን የምንለው ኩባንያ ኒፖን ኮጋኩ ይባል ነበር፤ ሲያጥር ኒኮ፤ ጀርመኖቹን ለመምሰል መጨረሻው ላይ “ር” ተጨመረችና ኒኮር ሆነ። የድሮዎቹ ኒኮሮች ከስማቸው ቀጥሎ አንዲት የላቲን ፊደል አለቻቸው፤ ኪው፣ ፒ፣ ኤች፣ ኤስ። እኔ ለረጅም ጊዜ የጥራት ደረጃ ይመስለኝ ነበር። የመስታወቱ ቁጥር ነው። ኪው አራት፣ ፒ አምስት፣ ኤች ስድስት፣ ኤስ ሰባት፤ ሁሉም ከላቲንና ከግሪክ ቁጥሮች መነሻ ፊደላት ናቸው። ቶኪዮ ያለ ፋብሪካ በሮማና በአቴና ቁጥር ይቆጥር ነበር። ኒኮርን ዓለም ያወቀው በ1950 ነው፤ የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺው ዴቪድ ዳግላስ ደንከን በጃፓን ሌንሶች ተማርኮ ኮሪያ ጦርነት ላይ ይዟቸው ዘመተ። በዚያው ጦርነት ዓመት ሳይሞላ የዘመተው የእኛ ሻለቃ ስሙ ቃኘው ነው፤ የራስ መኮንን ፈረስ ስም። አንድ የጦር ሜዳ ላይ የመዝገብ ስምና የፈረስ ስም ተገናኙ።

ካነን ከዚህ በፊት ቡድሃ ዘንድ ሄዶ ነበር። በ1934 የተሠራው የመጀመሪያው የሙከራ ካሜራ “ክዋኖን” ተባለ፤ የምሕረት አምላክ ናት፣ ብዙ እጅ ያላት። ሌንሱ ደግሞ “ካስያፓ”፣ የቡድሃ ደቀ መዝሙር። ገበያ ላይ ሲወጣ ግን ካሜራው ካነን ሆነ፤ ሌንሱን ራሱ መሥራት ገና ስላልቻለ የተገጠመለት የኒኮር ሌንስ ነበር። ዛሬ በኒኮንና በካነን ደጋፊነት ተከፋፍለው ለሚሟገቱ ሠርግ አንሺዎች ይህን ንገሯቸው፤ አያምኑም።

ሚኖልታ ሌንሶቹን ሮኮር ያላቸው ከፋብሪካው ሆኖ በሚታየው በሮኮ ተራራ ነው። ኦሊምፐስ ራሱ ተራራ ነው፤ ኩባንያው በ1919 ሲቋቋም ስሙ ታካቺሆ ነበር፣ በጃፓን አፈ ታሪክ አማልክት የሚኖሩበት ተራራ። ወደ ውጭ ሲያይ የግሪኮቹን የአማልክት ተራራ መረጠና ኦሊምፐስ ሆነ። ሌንሱ ግን ጃፓናዊ ሆኖ ቀረ፤ ዙይኮ፣ መልካም ዕድል የሚያበስር ብርሃን። አፍ ላይ ሲመጣም ከሁሉም የሚጣፍጠኝ እሱ ነው።

ታኩማር ወንድም ነው። የአሳሂ፣ የኋላው ፔንታክስ፣ መሥራች ኩማኦ ካጂዋራ አሜሪካ ሄዶ ፎቶ አንሺና ሠዓሊ የሆነ ታኩማ የሚባል ወንድም ነበረው፤ ሌንሱ በሱ ተሰየመ። “ታኩሚ” ደግሞ በጃፓንኛ የእጅ ጥበብ ባለሙያ ነውና ስሙ በሁለት ወገን ይበራል። የ50 ሚሊሜትሩ ሱፐር ታኩማር ሌላም ጉድ አለው። ብርሃንን አጥብቆ እንዲያጥፍ መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም የተባለ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ተጨምሮበታል፤ በዓመታት ብዛት መስታወቱ ራሱን እያቃጠለ ይቢጫል፤ ጠጅ የተቀዳበት ብርሌ ይመስላል። መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። ባለቤቶቹ ሌንሱን መስኮት ላይ ለቀናት ያሰጡታል፣ ልክ እንደ በርበሬ፤ ቢጫው ቀስ በቀስ ይለቃል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ቀለበት ግን “ቲ” ብቻ የተጻፈበት ነው። በ1945 አሜሪካኖች የናን ሲይዙ ጥቂት ቆይተው ለሶቪየት እንደሚያስረክቧት ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ የዛይስን ሊቃውንት ጭነው ወደ ምዕራብ ወሰዱ። እነሱ ኦበርኮኸን ላይ አዲስ ዛይስ ቆረቆሩ። ሶቪየቶች የናን ሲረከቡ የቀረውን፣ መሣሪያውንና ንድፉን፣ ወደ ምሥራቅ ጫኑ። ቢሆንም የየናው ፋብሪካ ተነሣና ሥራ ጀመረ። ሁለት ዛይስ ሆነ፤ ሁለቱም እኔ ነኝ ዋናው አሉ። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ከተንከራተቱ በኋላ በ1971 ለንደን ላይ ገበያውን ተከፋፈሉ። እስከዚያና ከዚያም ወዲህ የምሥራቁ ፋብሪካ ወደ ምዕራብ የሚልካቸው ብዙ ሌንሶች ላይ ዛይስ ማለት፣ ቴሳር ማለት፣ ሶናር ማለት አይችልም ነበር። ስለዚህ “ከየና” የሚል ጻፈና ቀጥሎ አንድ ፊደል አኖረ። ቴሳር “ቲ” ሆነ፤ ሌላው የዛይስ ሌንስ ቢዮታር “ቢ”፤ ሶናር “ኤስ”። የተወለደበት ከተማ የተሠራ ሌንስ ስሙን ሙሉ መጥራት ተከለከለ። እንዲህ ዓይነት አንድ ሌንስ በእጄ ይዤ አውቃለሁ፤ ከፊደሏ ቀጥሎ ያለው ባዶ የብረት ቦታ ከማንኛውም ስም የበለጠ ይናገራል።

ሶቪየቶች በበኩላቸው የወሰዱትን ንድፍ መጀመሪያ በምስጢር ፊደል ነበር የሚጠሩት፤ ዜድካ ማለት ሌንሱ የሚሠራባት የክራስኖጎርስክ ከተማ ሶናር፣ ቤቴካ ማለት የክራስኖጎርስክ ቢዮታር። ቀጥሎ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ሶናር ዩፒተር ሆነ፤ ቢዮታር ሄሊዮስ ሆነ፤ ሌሎቹ ቬጋ፣ ኦሪዮን፣ ታይር። ስም መለወጡ ምርኮን ማጥመቅ ነበር። የአጎቴ ጌሊዮስ እንግዲህ ትውልዱ የና ነው፤ ክርስትና የተነሣው ክራስኖጎርስክ ነው፤ ቁም ሳጥን ላይ የኖረው አዲስ አበባ ነው። ጀርባው ዛፍ ሆኖ ሰው ሲነሳበት ቅጠሉ በሰውየው ዙሪያ እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። ድሮ ጉድለት ነበር፤ ዛሬ ወጣቶች ለዚያ ሽክርክሪት ብለው አሮጌ ጌሊዮስ እየፈለጉ ይገዛሉ።

ከሰባዎቹ ወዲህ ስሞቹ ደበዘዙ። ኒኮን ፊደላቱን ጣለ። በምትካቸው የመጣው የመኪና ታርጋ የመሰለ ሰንሰለት ነው፤ ሞተር እንዳለው፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ እንደሚያረጋጋ፣ ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ የሚናገር። መረጃው ከድሮው ይበልጣል፤ ማንም ግን ልጁን በዚያ ስም አይጠራም። አንዳንድ ስሞችም መቃብር ፈንቅለው ወጡ። ከ1999 ጀምሮ ኮሲና የተባለ የጃፓን ኩባንያ የፎክትለንደርን ስም ወስዶ ኖክቶን፣ ስኮፓር፣ ሄሊያር እያለ ይሠራል። ሌንሶቹን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን ዋናው ሄሊያር አምስት መስታወት ነበረው፣ የኮሲና የመጀመሪያው 15 ሚሊሜትር ሄሊያር ስምንት ነበረው። ፈረሱ ሞቶ ስሙ በበቅሎ ተወረሰ። ቴሳርም ከእኛ እጅ ገብቶ ነበር፤ ኖኪያ ኤን95 ስልክ ይዞ የነበረ ሰው ጀርባውን ገልብጦ ቢያነብ ኖሮ ካሜራው አጠገብ የ1902ቱን ስም ያገኘው ነበር። ስንቶቻችን ነን ቴሳር በኪሳችን ይዘን የዞርነው!

ዛይስ ራሱ ከ2013 ጀምሮ አዲስ መንገድ ሞከረ። ሌንሶቹን በአእዋፍ ሳይንሳዊ ስም ይጠራቸው ጀመር፤ ኦቱስ ጉጉት ናት፣ ሚልቩስ ጭልፊት፣ ባቲስ ደግሞ በእኛም አገር ዛፍ ላይ የምትገኝ ትንሽ የአፍሪካ ወፍ። “የንስር ዓይን” ካለ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ወፍ መመለሱ ያስደስታል። ሆኖም እነዚህን ስሞች ያወጣቸው የገበያ ክፍል መሆኑ ያስታውቃል፤ ኦቱስን ያሳደገ፣ ሌሊት የሰማት፣ እንደ ቤሬክ ማታ በር ላይ የምትቀበለው ሰው ያለ አይመስልም።

ባለፈው ፋሲካ አጎቴ ዘንድ ሄጄ የጌሊዮሱን ቀለበት በጥርስ መፈልፈያ ጠረግኩት። ከስሙ ቀጥሎ መለያ ቁጥር አለ፤ በብዙ የሶቪየት ሌንሶች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተሠራበት ዓመት ናቸው። 79 ይላል። አጎቴ ካሜራውን የገዙት በእኛ አቆጣጠር በ70 ዓ.ም፣ በመጀመሪያ የተማሪ ደሞዛቸው እንደሆነ ስንት ጊዜ አጫውተውናል። ቆጠርኩት፤ 1979 በእኛ 71 ወይም 72 ነው። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሌንሱን ተቀበሉኝ፤ ወደ መስኮቱ ዞረው ረጅም ጊዜ አዩት።

“ቁጥሩን ተወው” አሉኝ። “ስሙን አንብብ።”